ጅቡ የማን ልጅ ነው?

በዚህ እትም የማወራችሁ ስለ አንድ ጨዋታ ነው። «ደግሞ ስለ ጨዋታ ምን ይጻፋል?» ብላችሁ ገጹን ከማለፋችሁ በፊት ግን ባለፈው ክረምት በእኛ የወጣቶች ኅብረት የሆነውን ስሙኝ። ነገሩ ከጨዋታ ያልፋል፤ እኔንም አስተማሪያቸውን ሳይነካ አልቀረም።

ደብረ ታቦርን በክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሐምሌ ሲገባ የጉና ጉም ወርዶ ደጃፍ ላይ ይቆማል፤ ዝናቡም አንዴ ከጀመረ ቶሎ አይለቅም። ቅዳሜ ከሰዓት ጥናታችንን ስንጨርስ ወጣቶቹ እስኪያባራ ድረስ አዳራሹ ውስጥ ይቆያሉ። በዚያ ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የመጣ አንድ ወንድም ከጓደኞቹ የለመደውን ጨዋታ ይዞልን መጣ። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ ስሙን፣ ጉልበቱንና ዕውቀቱን ወረቀት ላይ ይጽፋሉ። ተራኪው «ገደል አፋፍ ደርሳችኋል፤ ከታች የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ተጫዋቹ የሚያደርገውን ይናገራል፤ ይሳካለት እንደሆነ ለማወቅ ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይጣላል። በቃ ይኸው ነው። ተረት ነው፤ ልዩነቱ ሰሚው ራሱ ውስጡ ገብቶ አብሮ ማውራቱ ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወደድሁት። ዓመቱን ሙሉ በጥናት ላይ አንድ ቃል የማይተነፍሱ ልጆች አፍ አወጡ።

ተራኪው ታሪኩን ጉና ላይ አደረገው። ጀግኖቹ ከጋሳይ ተነሥተው ወደ ተራራው ይወጣሉ፤ ከበላያቸው የጅብ ሰዎች መንደር አለ። በጨዋታው መጽሐፍ ውስጥ «ኖል» የሚባሉ፣ ራሳቸው የጅብ አካላቸው የሰው የሆኑ ፍጥረታት አሉ፤ «ክፉ» የሚል ምልክትም ተጽፎባቸዋል። ከተጫዋቾቹ አንዱ «ለመሆኑ ቀን ቀን ምን ይሠራሉ?» ብሎ ጠየቀ። ተራኪው ገና መልስ ሳይሰጥ ሦስት አራት ልጆች በአንድ ድምፅ «ብረት ይቀጠቅጣሉ!» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ።

ጀግኖቹ መንደሩን በሌሊት ሊያቃጥሉት ተስማሙ። ዳይሱ ሊጣል ሲል፣ ጥግ ላይ የተቀመጠች አንዲት እህት «መንደሩ ውስጥ ሕፃናት አሉ?» ብላ ጠየቀች። ተራኪው ትከሻውን ነቀነቀና «የጅብ ልጅ ያው ጅብ ነው» አላት። ዳይሱ ተጣለ፤ መንደሩም ተቃጠለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እርስዋ አልመጣችም። ከዚያ በኋላ በነበረውም ቅዳሜ አልመጣችም።

በሦስተኛው ሳምንት ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ቤቱ ከከተማው ዳር ነው። አባቷ ደጃፍ ላይ ወናፋቸውን አስቀምጠው ማረሻ ያሾላሉ። የቀጥቃጭ ልጅ መሆኗን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ሁለት ዓመት አስተምሬያት አላውቅም ነበር፤ ደብቃን ነበር ማለት ነው። እናቷ ቡና አፈሉ፤ ስኒው ቀረበልኝ። መናዘዝ ያለብኝ እዚህ ላይ ነው። ወንጌል የማስተምረው ሰው፣ ዲግሪ ያለኝ ሰው፣ እጄ ስኒውን ከማንሳቱ በፊት ለቅጽበት ዘገየ። ልጅ ሳለሁ «ከእነ እገሌ ቤት እንዳትበላ» የተባልሁት ነገር ከጭንቅላቴ ቢወጣም ከእጄ አልወጣም ነበር። ጠጣሁ። ግን መዘግየቴን አይታዋለች።

ስወጣ እስከ በር ሸኘችኝና «ጋሼ፣ ተረቱ አላስከፋኝም፤ እንዲህ መባል ለምጄዋለሁ» አለችኝ። «ያስከፋኝ ማንም ሳይነግራችሁ ሁላችሁም መልሱን ማወቃችሁ ነው።»

ጭራቁ ከየት መጣ?

ጨዋታው የመጣው ከአሜሪካ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሰዎች «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ብለው በ1974 እ.ኤ.አ. አወጡት። በ1980ዎቹ በዚያው አገር ብዙ አማኞች «ወደ ጥንቆላ ይስባል» ብለው ተነሥተውበት ነበር። እናንተም መጀመሪያ የምትጠይቁኝ «መጫወቱ ኃጢአት ነው ወይ?» ብላችሁ እንደሚሆን አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ከመሪዎቻችሁ ጋር ተነጋገሩበት። እኔን ግን እንቅልፍ የነሣኝ አስማቱ አይደለም። አስማት እንዳይገባ በሩን ስንጠብቅ፣ ሌላ ነገር ከድሮ ጀምሮ ቤት ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት።

የጨዋታው ዓለም በልዩ ልዩ ዘሮች የተሞላ ነው፤ ኤልፍ አለ፣ ድዋርፍ አለ፣ ኦርክ አለ። መጽሐፉ ለየፍጥረቱ የግብረ ገብ ምድብ ይሰጣል፤ ደግ፣ ክፉ ወይም ከሁለቱ መካከል። ሰው የሆነ ገጸ ባሕርይ የፈለገውን ይመርጣል። ኦርክና ኖል ግን ለረጅም ጊዜ «ክፉ» የሚለው ቃል እንደ ቁመታቸውና እንደ ጥርሳቸው ተመዝግቦባቸው ኖሯል። በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው የጭራቆች መጽሐፍ ደግሞ ኖልን ጅብ መሰል አድርጎ አቀረበው።

ለምን እንዲህ ተደረገ? ስለሚመች ነው። ጀግና የሚገድለው ይፈልጋል፤ ነፍሰ ገዳይ መባልን ግን አይፈልግም። ጠላቱ ከእናቱ ማኅፀን ክፉ ሆኖ ከወጣ፣ እርሱን መግደል አረም እንደ መንቀል ይሆናል፤ ማንም ስለ አረም ንስሐ አይገባም። «በትውልዱ ክፉ» የሚለው ምልክት የሚያገለግለው ለተጻፈበት ሳይሆን ሰይፍ ለያዘው ነው።

ኦርክን ለዘመናችን ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ጄ. አር. አር. ቶልኪን ነው፤ «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለው ሥራው በ1954 እና በ1955 እ.ኤ.አ. ታተመ። ቶልኪን ካቶሊካዊ አማኝ ነበር። ክፋት ያለውን ያበላሻል እንጂ ከምንም ተነሥቶ ሕይወት መፍጠር አይችልም ብሎ ያምን ነበርና፣ ኦርኮቹ ጨርሶ የማይድኑ ፍጥረታት ናቸው ወይ የሚለው ጥያቄ አስቸግሮታል፤ የማያዳግም መልስም አልሰጠበትም። በውጭ አገር ያሉ ተጫዋቾችም የእህታችንን ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ሲከራከሩበት ኖረዋል፤ ጀግናው የኦርክ ሕፃን ቢያገኝ ምን ያድርግ? አሳታሚው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት በ2020 እ.ኤ.አ. ኦርክንና መሰሎቹን እንደ ማንኛውም ሕዝብ ደግም ክፉም የሚገኝባቸው አድርጎ ለማቅረብ እንደሚሠራ አስታወቀ፤ በ2024 እ.ኤ.አ. በወጣው መጽሐፍም «ዘር» የሚለውን ቃል ትቶ «ዝርያ» በሚል ተካው።

እንግዲህ የፈረንጆቹ ክርክር ይኸው ነው። የእኛስ?

ኦርክ አድራሻ የለውም

«ጋሼ፣ ተረት እኮ ነው! ኦርክ በዓለም ላይ የለ፤ ማን ይጎዳል?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ኦርክ አድራሻ የለውም። «ጎረቤቴ ኦርክ ነው» የሚል ሰው አልሰማሁም። የእኛ ጅብ ግን አድራሻ አለው። ከወንዙ ማዶ፣ ከመንደሩ ዳር፣ ጭስ በሚጨስበት፣ መዶሻ በሚሰማበት ቤት ነው የሚኖረው።

ሁላችንም በዚህ ተረት ያደግን ነን። ብረት ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔ፣ ቁርበት ፋቂ፣ «ቡዳ» ናቸው ተባልን። ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ። ተገድሎ ጆሮው ላይ ጉትቻ የተገኘበት ጅብ ወሬ ያልሰማ ማን አለ? ወሬው ከእኛ በፊት የነበረ ነው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ አገራችን የመጡ ተጓዦችም ሰምተው ጽፈውታል። በጎንደር አካባቢ ይኖሩ የነበሩት፣ በብረትና በሸክላ ሥራ የሚታወቁት ቤተ እስራኤልም ይኸው ስም ሲለጠፍባቸው ኖሯል። አብዛኞቹ ዛሬ ከአጠገባችን የሉም፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ብቻ ከ14,000 በላይ የሚሆኑት በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄደዋል። ሰዎቹ ሄዱ፤ ተረቱ ግን አብሯቸው አልሄደም፤ እዚሁ ቀርቶ ሌላ ቤት ፈለገ።

አንድ ነገር አስተውሉ። ገበሬ ያለ ማረሻ አያርስም፤ ማረሻ ደግሞ ያለ ቀጥቃጭ የለም። እናቶቻችን ያለ ሸክላ ሠሪዋ ወጥ አይሠሩም። በየቀኑ የምንፈልጋቸውን ሰዎች በብዙ ቦታ የእርሻ ርስት ነፈግናቸው፤ ልጅ አንሰጥም፣ ልጅ አንወስድም አልናቸው። ከዚያ በኋላ «ዓይናቸው ይበላል» አልን። እኔ እንደሚመስለኝ ፍርሃቱ የመጣው ከእነርሱ ዓይን ሳይሆን ከእኛ ሕሊና ነው። ሰው የበደለውን ሰው ይፈራል። «በቀናብኝ ነበር፤ ምክንያቱም እኔ ያለኝ እርሱ የለውም» ብሎ ያስባል። በደሉን ከመመርመር ግን ሰውየውን ጅብ ማድረግ ይቀላል። ጅብን ማን ይቅርታ ይጠይቃል?

ቃላችንም ራሱ ይመሰክርብናል። «ጠይብ» ብለን የምንሰድብበት ቃል ሥሩ «ጠቢብ» ነው። ጥበበኛ ለማለት የወጣውን ቃል ስድብ አደረግነው። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በእጅ ሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነግረው ነበር። ከአዋጁ በኋላ ስንት ትውልድ አለፈ? የእህታችን ቤት ግን አሁንም «ጅብ» ይባላል። አዋጅ አስፈላጊ ነው፤ የጨዋታው አሳታሚ ቃሉን መቀየሩም ጥሩ ነው። ነገር ግን አዋጅ አፍን ይዘጋ ይሆናል እንጂ ስኒ ፊት የዘገየችውን እጄን አላፈጠናትም። የልብ ነገር የወንጌል ሥራ ነው።

እኛም አንጥረኞች ነበርን

ከደብረ ታቦር ወጣ ብላችሁ ጋፋትን የጎበኛችሁ ትኖራላችሁ። አጼ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩበት ቦታ ነው። ሴባስቶፖል የተባለውን፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን መድፍ የሠሩት እነማን እንደ ነበሩ ግን ብዙ ወጣት አያውቅም። እነ ቫልድማየርና ዛልሙለር ከባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪስቾና የተላኩ የወንጌላውያን ሚሲዮናውያን ነበሩ። የመጡት ወንጌል ሊሰብኩና በእጃቸው ሥራ ሊኖሩ ነው። ንጉሡ መድፍ ሥሩ አላቸው፤ ሠሩ። መድፉ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ፤ ንጉሡም በዚያው ዓመት በመቅደላ ሞቱ።

ይህን የማነሣው እነርሱን ጀግና ለማድረግ አይደለም። የሰላም ወንጌል ይዘው መጥተው የጦር መሣሪያ መሥራታቸው ራሱን የቻለ ከባድ ጥያቄ ነው። የማነሣው በዚህ ተራራ ሥር ወንጌላዊ እምነት ይዘው ከታወቁት ቀደምት ሰዎች መካከል ብረት ቀጥቃጮች፣ እሳት አንዳጆች መኖራቸውን እንድታስቡ ነው። በአያቶቻችን ሚዛን ቢመዘኑ «ጠይብ» ነበሩ። ታዲያ እኛ የእነርሱን ወንጌል ተቀብለን የሙያ ባልደረቦቻቸውን ጅብ ስንል አናፍርም?

ስለ እኛ ደግሞ ሌላም አለ። «ጴንጤ» የሚለው ስም እንዴት እንደሚወጋ እናንተ ታውቃላችሁ። ገና ሰላምታ ሳትሰጡ ምን ዓይነት ሰው እንደሆናችሁ የወሰነ ጎረቤት፣ የክፍል ጓደኛ፣ አንዳንዴም ዘመድ አጋጥሟችኋል። በሌላ ሰው ተረት ውስጥ እኛም ኦርክ ሆነን እናውቃለን። ይህን ሕመም የቀመሰ ሰው ለሌላው ሊቀዳው አይገባም።

መጽሐፍ ቅዱስስ ምን ይላል?

ጥናት የምታዘወትሩ ሁለት ብርቱ ጥያቄ እንደምታነሡ እገምታለሁ።

የመጀመሪያው «ሰው ሁሉ በኃጢአት ይወለዳል ብለን እናምን የለም ወይ? ታዲያ በትውልድ ክፉ መሆን መጽሐፍ ቅዱሳዊ አይደለም?» የሚል ነው። እናምናለን። ሮሜ 3 ሁሉም ኃጢአት እንደ ሠሩ፣ ልዩነትም እንደሌለ ያስተምራል። ቁም ነገሩ «ሁሉም» በሚለው ቃል ላይ ነው። የቡዳ ተረት የሚያደርገው ምንድን ነው? የሁላችንን ኃጢአት ሰብስቦ በአንድ ቤት ላይ ይጭናል፤ የቀረነውን ነጻ ያወጣል። ስለዚህ ተረቱ የውርስ ኃጢአት ትምህርት ተቃራኒ ነው። አንድ ዘር ብቻ ክፉ ከሆነ እኔ አዳኝ አያስፈልገኝም፤ የሚያስፈልገኝ አጥር ነው። «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለውም ተረት እንዲሁ ነው። ሁላችንን የሚስበው አንድ ዘር ነው፣ እርሱም አዳም ነው፤ ከዚያም የሚያስጥለን ልጓም ሳይሆን አዲስ ልደት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል። «አማሌቅስ? ከነዓንስ? እግዚአብሔር ሕዝብን በሙሉ አጥፉ ብሎ የለም ወይ?» እነዚህን ክፍሎች በአንድ አንቀጽ አስረድቼ እጨርሳለሁ ብል እዋሻችኋለሁ፤ እኔም ራሴ እየተንቀጠቀጥሁ የማነብባቸው ናቸው። ሦስት ነገር ግን ግልጽ ነው። አንደኛ፣ ፍርዱ የመጣው በደም ምክንያት አይደለም፤ ዘሌዋውያን 18 ምድሪቱ ከነዓናውያንን ስለ ሥራቸው እንደ ተፋቻቸው፣ እስራኤልም ያንኑ ቢሠሩ እንደምትተፋቸው ያስጠነቅቃል፤ በኋላም ይኸው ሆነ። ሁለተኛ፣ በሩ ክፍት ነበር፤ ከነዓናዊቱ ረዓብ ገባች፣ ሞዓባዊቱ ሩት ገባች፤ ሁለቱም በጌታችን የትውልድ ሐረግ ውስጥ በስማቸው ተጠርተዋል። ሦስተኛ፣ ለእኛ እንዲህ ያለ ትእዛዝ አልተሰጠንም። ኤፌሶን 6 ውጊያችን ከደምና ከሥጋ ጋር እንዳልሆነ ይነግረናል። አጋንንት ንስሐ አይገቡም፤ ነገር ግን አጋንንት መንደር የላቸውም፣ ልጅም አይወልዱም። መንደርና ልጅ ያለው ሁሉ ከእኛ ወገን ነው።

አሁን ደግሞ እህታችን ቤት ቁጭ ብለን መጽሐፉን እንክፈት። የእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ሞላበት በስሙ ተጠርቶ የተነገረለት የመጀመሪያው ሰው ማን ነው? ነቢይ አይደለም፤ ንጉሥ አይደለም። ባስልኤል ነው፤ ወርቅ፣ ብርና ናስ የሚሠራ የእጅ ባለሙያ (ዘጸ. 31)። ጌታችን ጠራቢ ነበር። ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ ነበር። ጴጥሮስ በኢዮጴ በማን ቤት ተቀመጠ? በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት (ሐዋ. 9)። አሕዛብን ርኩስ እንዳይል የተማረበትን ራእይ ያየው በዚያው ቤት ሰገነት ላይ ነው። ፋቂው ቤት ባይገባ ኖሮ ወደ ቆርኔሌዎስ ቤት የሚገባበትን ትምህርት ወዴት ይቀበል ነበር?

የሐሰት አባት ምስክርነት

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ባልፍ የሚሻለኝ፣ ግን የማይሆንልኝ ነገር አለ። ይህ ተረት በጨዋታችን ብቻ ሳይሆን በጸሎታችንም ውስጥ ገብቷል።

አንዲት የታመመች ልጅ ስትጸለይላት ትጮኻለች። የሚጸልየው ሰው «ማን ነህ? በማን በኩል መጣህ?» ብሎ መንፈሱን ይጠይቃል። የአንድ ጎረቤት ስም ይጠራል። እንዲህ ባለ ጸሎት ላይ ቆሜ አውቃለሁ፤ ስሙ ሲጠራ በክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ተያየን፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ያች ጎረቤት ደጇን የሚረግጥ አጣች። ክፉ መንፈስ የለም እያልሁ አይደለም፤ በጌታ ስም ነጻ የወጡ ሰዎችን አይቻለሁ። የምጠይቀው ይህን ነው፦ ዮሐንስ 8 ሰይጣን ሐሰተኛ፣ የሐሰትም አባት እንደሆነ ይነግረናል። ታዲያ በማን ሕግ ነው የሐሰትን አባት በጎረቤታችን ላይ ምስክር አድርገን የምንቀበለው? ከሰይጣን የምንፈልገው እንዲወጣ ነው፤ ወሬ እንዲያወራልን አይደለም። በኅብረታችሁ እንዲህ ያለ ነገር ካጋጠማችሁ ታናሽ ብትሆኑም በትሕትና ተናገሩ፤ የአንድ ቤተሰብ ሕይወት ነው።

ተረት የሚያደርገውን ማድረጉን አትጠራጠሩ። በሩዋንዳ በ1994 እ.ኤ.አ. ጎረቤት ጎረቤቱን ከመግደሉ በፊት «በረሮ» ብሎ መጥራትን ለምዶ ነበር። በአገራችንም ባለፉት ዓመታት ሰውን በአውሬ ስም መጥራት ምን ያህል እንደ ቀለለ ስልካችሁ ላይ አይታችኋል። ሰው መጀመሪያ በቃል አውሬ ይደረጋል፤ የቀረው ከዚያ በኋላ ይከተላል።

ታዲያ ጠላት የሌለበት ተረት እናውራ?

አይደለም። ጠላት የሌለበት ታሪክ እንቅልፍ ያመጣል፤ ውሸትም ነው። እኛ ክፋት እውነት መሆኑን የምናምን ሰዎች ነን። በአንጻሩ «ሁሉም ደግ ነው፣ ጥፋት የለም» የሚል ታሪክም መስቀሉን ከንቱ ያደርገዋል። ጥያቄው ክፋቱን የት እናስቀምጠው የሚል ነው። ሄሮድስ ክፉ የሆነው ዙፋኑን ስለ ወደደ ነው። ሐማ ክፉ የሆነው ትዕቢቱ ስለ በላው ነው። ይሁዳ ከሐዋርያት መካከል ነበር። ክፋታቸው ከመረጡት ነገር ወጣ፤ ስለዚህ አንባቢው «እኔስ ብሆን?» ብሎ ራሱን ይመረምራል። በደሙ ክፉ የሆነ ጭራቅ ግን ማንንም አያስመረምርም።

ስለዚህ ብትጫወቱም፣ ለበዓል ድራማ ብትጽፉም፣ ለሰንበት ትምህርት ልጆች ተረት ብታወሩም አራት ጥያቄ ጠይቁ። የዚህ ጠላት ልጅ ሌላ መንገድ መምረጥ ይችላል? በታሪኩ ውስጥ አንዱ ንስሐ ቢገባ የሚቀበለው አለ? «ደግ» የተባለው ወገንስ ደግነቱን በሥራው አገኘው ወይስ «የጨዋ ልጅ» ስለሆነ ብቻ ተሰጠው? ከሁሉም በላይ፣ ይህን ስናወራ ከመካከላችን ራሱን የሚያይ፣ ጥግ ላይ ዝም ያለ ሰው አለ?

ተራኪው ወንድማችን ነገሩን ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ እኔ በሳቅሁበት እርሱን ብቻ መውቀስም አልችልም። ሁለታችንም ተያይዘን ወደ እህታችን ቤት ሄድን። አባቷ መዶሻቸውን አስቀምጠው ይቅርታችንን ሰሙ። ብዙም አልተናገሩም። ልጁን ትክ ብለው አዩና «የማን ልጅ ነህ?» አሉት። ነገራቸው። «የአያትህን ማረሻ የማሾለው እኔ ነበርሁ፤ ደግ ሰው ነበሩ» አሉት። ቡና መጣ። ያን ቀን እጃችን አልዘገየም።

እህታችን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ኅብረቱ ተመለሰች። ጨዋታውን ግን አትጫወትም፤ እኛም አልለመንናትም። ይቅርታ ጠይቀን ስላበቃን ብቻ ቁስሉ ወዲያው መዳን አለበት ብለን ማዘዝ አንችልም።

ከዚያ ወዲህ ትንቢተ ዮናስን ሳነብብ የእርስዋ ድምፅ ይሰማኛል። ዮናስ ስለ ነነዌ የነበረው ሐሳብ የእኛ ጀግኖች ስለ ተራራው መንደር ከነበራቸው አይለይም፤ ከከተማይቱ ውጭ ዳስ ሠርቶ የሚሆንባትን ሊያይ ተቀምጦ ነበር። መጽሐፉ የሚያልቀው እግዚአብሔር ለዮናስ ባቀረበው ጥያቄ ነው፤ ቀኛቸውንና ግራቸውን የማይለዩ ከ120,000 በላይ ሰዎች፣ ብዙ እንስሳትም ስላሉባት ከተማ አይገባኝም ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። የዮናስ መልስ አልተጻፈም። እህታችን ከጥግ ሆና የጠየቀችውም ይህንኑ ነበር፤ መንደሩ ውስጥ ሕፃናት አሉ? እኛ ዳይስ ጣልን። እናንተ ተራችሁ ሲደርስ መልሱን በደንብ አስቡበት።

ጸጋው ከሁላችሁ ጋር ይሁን።